ሦስት ጠብታ ውሃ፦ ስለ ቻይንኛው የውሃ ራዲካል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቻይንኛ የሚማሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ንባቦቹን በፊደላችን የጻፍኩት በተቻለ መጠን አቅርቤ ነው፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊደሉ በስተግራ የተደረደሩት ሦስት ነጥቦች ምንድን ናቸው?

ውሃ ናቸው። ቻይናዎች "ሳን ዲየን ሽዌይ" ይሏቸዋል፤ ሦስት ጠብታ ውሃ እንደ ማለት። ጃፓኖች "ሳንዙይ" ይላሉ። "ሽዌይ" የሚለው የውሃ ፊደል ለብቻው ሲቆም አራት ጭረት ያለው ሙሉ ፊደል ነው። ከሌላ ክፍል ጋር ተጣምሮ ግራ ላይ ሲቀመጥ ግን ቦታ ይጠበውና ተሰብስቦ ሦስት ጠብታ ይሆናል።

ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር፣ እንባ፣ ላብ፣ ሾርባ፣ ጭማቂ፣ ዘይት፣ መታጠብ፣ መዋኘት። እነዚህ ሁሉ ሲጻፉ ሦስቱ ጠብታ ግራቸው ላይ አሉ። ጥልቅ፣ የጠራ፣ የሚያንሸራትት የሚሉትም እንዲሁ።

ራዲካል የሚባለውስ ምንድን ነው?

አብዛኞቹ የቻይንኛ ፊደላት ከአንድ በላይ ክፍል አላቸው። ከክፍሎቹ አንዱ ፊደሉ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የት እንደሚመደብ ይወስናል። ራዲካል የሚባለው ያ ክፍል ነው፤ በቻይንኛ "ቡሾው" ይሉታል። አንድ ፊደል ውስጥ ብዙ ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ራዲካሉ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ታች ስለ መጠጥ ስናወራ ትፈለጋለች።

ፊደላትን በዚህ መንገድ የመመደቡን ሥራ የጀመረው ሹ ሸን የሚባል የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ሊቅ ነው። በ100 ዓ.ም. አካባቢ ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት 9,353 ፊደላትን በ540 ምድቦች ከፈለ። በ1615 ሜይ ዪንግዝዎ የተባለ ሌላ ሊቅ ምድቦቹን ወደ 214 ዝቅ አደረጋቸው። በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1716 የወጣው ትልቁ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ አሠራር ያዘ። እስከ ዛሬ ሰዎች "214ቱ ራዲካሎች" የሚሉት እነዚህን ነው። ውሃ 85ኛው ነው። በካንግሺ መዝገብ ሥሩ 1,595 ፊደላት ተመድበዋል። የሚበልጠው የሣር ራዲካል ብቻ ነው።

214ቱንም መሸምደድ አለብኝ?

የለባችሁም። ብዙዎቹን በዓመት አንዴ እንኳ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ውሃ፣ ሰው፣ አፍ፣ እጅ፣ ልብ፣ ንግግር፣ እንጨት፣ ሣር፣ ሴት፣ ፀሐይ የሚሉትን ብትይዙ በየቀኑ ከምታዩት ጽሑፍ ትልቅ ድርሻ ይገለጥላችኋል። እኔ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ከውሃ ጀምር እለዋለሁ። ቅርጹ ቀላል ነው፣ በየመንገዱ አለ፣ ፍንጩም ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

እንዴት ነው የሚጻፈው?

ከላይ ወደ ታች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተራ ነጥቦች ናቸው፤ ብዕሩ አጠር አድርጎ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳል። ሦስተኛው ግን ነጥብ አይደለም። ከታች ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ወደ ላይ የሚወነጨፍ ጭረት ነው። ብዙ ጀማሪ ሦስቱንም ቁልቁል ይጽፋቸዋል፤ አስተማሪ ደብተር ላይ ቀይ ከሚያስምርባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ጭረቱ ወደ ላይ የሚሄደው እጃችን ወደ ቀኙ ክፍል እንዲሻገር ነው። ደግሞም ሦስቱ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው አይሰለፉም፤ መካከለኛው ትንሽ ወደ ግራ ገፋ ይላል።

ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ሜኑ ስታነቡ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ሰው ሲቸኩል ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭረት ይያያዛሉ። በጣም ሲፈጥን ሦስቱም አንድ ቁልቁል መስመር ይሆናሉ። ያኔ ከንግግር ራዲካልና ከሰው ራዲካል ጋር ይመሳሰላሉ። ቀኙን ክፍል አይታችሁ ነው የምትለዩት።

ውሃ እንዴት ሦስት ጠብታ ሆነ?

እስከ ዛሬ ከተገኙት የቻይንኛ ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ የሆኑት በኤሊ ቅርፊትና በበሬ ትከሻ አጥንት ላይ የተቀረጹ ናቸው። ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የሻንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት መጪውን ለመጠየቅ የሚጠቀሙባቸው የጥንቆላ አጥንቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የተገኙት በሄናን ክፍለ ሀገር አንያንግ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ውሃ ማለት መሐል ላይ ጠመዝማዛ መስመር፣ ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ነው። ፈሳሽ ወንዝ ይመስላል። የዛሬው ባለ አራት ጭረት ፊደል የዚያ ልጅ ነው።

ሦስቱ ጠብታ የመጡት ቆይተው ነው። በቺን እና ከሱ በኋላ በመጣው በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የመንግሥት ጸሐፊዎች ብዙ ሰነድ በፍጥነት መጻፍ ነበረባቸው። ክቡን ጭረት ቀጥ አደረጉት፣ ረጅሙን አሳጠሩት። "የጸሐፊዎች ጽሕፈት" በሚባለው በዚህ አጻጻፍ ነው በግራ ያለው ውሃ ወደ ሦስት ጭረት የወረደው። ዛሬ ማንኛውም ቻይናዊ ተማሪ የሚጽፈው የእነዚያን የቸኮሉ ቢሮ ሠራተኞች አቋራጭ ነው።

ሁልጊዜ ግራ ላይ ነው የሚቀመጠው?

ሦስት ጠብታ ሲሆን በአብዛኛው አዎ። ውሃ ግን ከታችም ይገባል። ምንጭ የሚለው "ችዌን" ከላይ የነጭ ፊደል፣ ከታች ሙሉው የውሃ ፊደል ነው። ሦስተኛ መልክም አለው። ታይላንድ በቻይንኛ ስትጻፍ የመጀመሪያዋ "ታይ" የምትባል ፊደል ከሥሯ አምስት ጭረት ያለው ውሃ አለባት። ሦስቱም መልኮች የሚቆጠሩት እንደ አንድ ራዲካል ነው።

ሦስቱን ጠብታ ካየሁ ንባቡን ማወቅ እችላለሁ?

ከጠብታዎቹ አታውቁም። እነሱ የሚናገሩት ስለ ትርጉም ነው። ንባብ ከፈለጋችሁ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ሐይቅ "ሁ" ነው፤ የቀኙ ክፍል ለብቻውም "ሁ" ተብሎ ይነበባል። ዘይት "ዮው" ነው፤ ቀኙም "ዮው" ነው። ውቅያኖስ "ያንግ" ይባላል፤ ቀኙ ላይ ያለችው በግ ናት። በጓ እዚያ የገባችው የራሷ ንባብ "ያንግ" ስለሆነ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቻይንኛ ፊደላት የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ክፍል የትርጉሙን ሰፈር ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን ያቀብላል።

ይህ የገባኝ "ቺንግ" በሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ለሁሉም ጀማሪ የማሳየውም እሱን ነው። "ቺንግ" ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚል ፊደል ነው። ሦስት ጠብታ ስትጨምሩበት የጠራ ውሃ ይሆናል። ፀሐይ ስትጨምሩበት የጠራ ሰማይ። ልብ ሲገባበት ስሜት። ንግግር ሲገባበት "እባክህ"። ሁሉም "ቺንግ" ናቸው፤ አንዳንዶቹን የሚለያቸው የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ አባይ በቻይንኛ "ቺንግ ኒልዎ ኸ" ነው፤ ሰማያዊው የናይል ወንዝ። የመጀመሪያው "ቺንግ" ይኸው ያልተቀጠለበት ፊደል ነው። ሦስቱ ጠብታ ያሉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ወንዝ በሚለው "ኸ" ላይ።

ድምፁ ሁልጊዜ ልክ አይገጥምም። የወንዙ "ኸ" ቀኝ ክፍል ለብቻው ሲነበብ "ከ" ነው። ሌላው የወንዝ ስም "ጂያንግ" ነው፤ ቀኙ ግን "ጎንግ" ይባላል። ፊደሎቹ ሲሠሩ ድምፃቸው ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሰው ሲናገር ኖሯል፤ ንግግሩ ተለወጠ፣ ፊደሉ ቀረ።

በረሃ ለምን በውሃ ይጻፋል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው በደንብ እያነበበ ነው ማለት ነው። በረሃ "ሻሞ" ነው። ሁለት ፊደል አለው፤ ሁለቱም ላይ ሦስት ጠብታ አለ። "ሻ" አሸዋ ነው። ከጠብታዎቹ ቀጥሎ ያለው ክፍል "ጥቂት" ማለት ነው። ሹ ሸን ሲያብራራው አሸዋ ውሃ የበተነው ድንጋይ ነው፤ ውሃው ሲያንስ አሸዋው ይታያል ይላል። ክረምት አልፎ ወንዝ ሲጎድል ዳርና ዳሩን ያየ ሰው ይገባዋል። "ሞ" ደግሞ በእሱው አገላለጽ በሰሜን በኩል የሚፈስ አሸዋ ነው። በነፋስ የሚሄድ አሸዋ እንደ ውሃ ይፈሳል ብለው ነው ያዩት።

ሕግ እና "የለም" የሚሉትስ? እነሱ ከውሃ ጋር ምን አገናኛቸው?

ሕግ "ፋ" ነው፤ ሦስት ጠብታ እና "መሄድ" ከሚል ክፍል ይጻፋል። የጥንቱ አጻጻፍ ግን ረዘም ያለ ነበር። በውስጡ አንድ የተረት እንስሳ ነበረበት፤ በዳዩን ለይቶ የሚወጋ ባለ ቀንድ አውሬ። በሹ ሸን ማብራሪያ ውሃው የገባው ፍርድ እንደ ውሃ ገጽ የተስተካከለ መሆን ስላለበት ነው። አውሬው ቀና ያልሆነውን ወግቶ ያስወግዳል፤ "መሄድ" የሚለው ከዚያ ነው። በኋላ አውሬው ለጽሑፍ ስለከበደ ተጣለ። ውሃው ቀረ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ፊደል ይሄ ነው።

"ሜይ ዮው" ደግሞ ቻይና የረገጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚለምዳቸው ቃላት አንዱ ነው። ሱቅ ገብታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ "የለም" ሲሏችሁ ነው። የ"ሜይ" ፊደል የመጀመሪያ ትርጉሙ መስጠም ነው፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ መጥፋት። በዚያ ትርጉሙ ዛሬም "ሞ" ተብሎ ይነበባል። ከሰጠመና ከጠፋ ነገር ወደ "የለም" መድረስ ሩቅ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። "ፓይ" የወንዝ ቅርንጫፍ ነበር፤ ዛሬ የፖለቲካ ወይም የአስተሳሰብ ወገን ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱ ጠብታ የዛሬውን ትርጉም ሳይሆን የተነሳበትን ቦታ የሚነግሯችሁ ጊዜ አለ።

በአገርና በከተማ ስም ላይ ሳየውስ ምን ልበል?

የቻይና ስም ከሆነ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ውሃ ፈልጉ። ሻንጋይ ላይ ባሕር አለ። ሆንግ ኮንግ ላይ ወደብ አለ። ታይዋን ላይ ባሕረ ሰላጤ፣ ቲየንጂን ላይ የወንዝ መሻገሪያ፣ ሁናን እና ሁቤይ ላይ ሐይቅ። ሸንጀን ላይ ያለው "ጥልቅ" የሚለው ነው። የቻይንኛ ቋንቋና ፊደል ራሳቸው የሚጠሩበት "ሃን" በሦስት ጠብታ ይጻፋል፤ መነሻው ዉሃን ከተማ ላይ ከያንግጸ ጋር የሚገናኘው የሃን ወንዝ ነው። ልዩ ባንግ የተባለ የጦር መሪ በ206 ዓመተ ዓለም በዚያ ወንዝ ላይኛው ክፍል የሃን ንጉሥ ተባለ፤ በኋላ መላውን ቻይና ሲገዛ ሥርወ መንግሥቱ ስሙን ይዞ ቀጠለ። ሕዝቡም ቋንቋውም ከዚያ ተጠራ።

የውጭ አገር ስም ከሆነ ግን ለድምፅ ብቻ የገባ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይ "ፋግዎ" ናት፤ ያው ቅድም ያየነው የሕግ "ፋ"። ሳዑዲ "ሻትኧ" ተብላ ስትጻፍ የአሸዋው "ሻ" ይገባል። አሸዋ ስላላት የተመረጠ ቢመስልም ድምፁ "ሳ"ን ስለተጠጋ ነው። ፖላንድ ላይ ማዕበል የሚለው ፊደል አለ።

አፍሪካ ለየት ትላለች። "ፌይጆው" ናት፤ "ፌይ" ድምፅ ነው፣ "ጆው" ግን አህጉር ማለት ነው፣ ሦስት ጠብታም አለው። ጠብታ የሌለው "ጆው" ከጥንት የወንዝ መሐል ደሴት ሥዕል ነበር። በኋላ ለአስተዳደር ግዛት ስም ዋለ፤ ነጋዴዎቻችን የሚያውቋት የጓንጆው "ጆው" እሱ ነው። የደሴቱ ትርጉም እንዳይጠፋ ሦስት ጠብታ ተጨምሮ ሌላ ፊደል ተሠራ። ውሃ የከበበው መሬት፣ ከዚያም አህጉር። እስያና አውሮፓም በዚሁ "ጆው" ነው የሚጨርሱት።

መኪና ላይስ ውሃ ምን ይሠራል?

እንፋሎት ነው። "ቺ" የሚለው የአየር ፊደል ሦስት ጠብታ ሲጨመርበት የውሃ እንፋሎት ይሆናል። መኪና "ቺቸ" የተባለው በዚያ ነው፤ ዛሬ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ባይኖርም ስሙ አልተለወጠም። ቤንዚን "ቺዮው" ነው፤ እንፋሎትና ዘይት፣ ሁለቱም ባለ ሦስት ጠብታ። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ "ቺሽዌይ" ነው።

የሚጠጣ ነገር ሁሉ ሦስት ጠብታ አለው?

የለውም። ሻይ በሣር ራዲካል ነው የሚጻፈው፤ ቅጠል ስለሆነ። ቡና "ካፌይ" ሁለት ፊደል ሲሆን ሁለቱም ላይ አፍ አለ። አፍ ከውጭ የመጣ ቃል በድምፁ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚገባ ምልክት ነው። ጭማቂና ሾርባ ሦስት ጠብታ አላቸው።

ዋናው ወጥመድ አልኮል ነው። "ጅዮው" ግራው ላይ ሦስት ጠብታ ጎልተው ይታያሉ። በካንግሺ መዝገብ ግን ከውሃ ሥር ብትፈልጉት አታገኙትም። ራዲካሉ ቀኙ ላይ ያለው ነው። ይህ የቀኝ ክፍል የጥንት የመጠጥ እንስራ ሥዕል ነው፤ ለብቻው ሆኖ መጠጥ ማለት የነበረበት ዘመን አለ። ውሃው በኋላ የታከለ ነው። ስለዚህ ሦስት ጠብታ ማየትና የውሃ ራዲካል መሆን አንድ አይደሉም። ማቅለም የሚለውም ላይ ጠብታዎቹ አሉ፤ ራዲካሉ ግን ከሥሩ ያለው እንጨት ነው።

መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዴት እፈልገዋለሁ?

መጀመሪያ ራዲካሉን፣ ከዚያ የቀረውን ጭረት ቁጥር። የወንዙ "ኸ" ከጠብታዎቹ ሌላ አምስት ጭረት አለው፤ ከውሃ ሥር አምስት ጭረት ወዳለበት ትሄዳላችሁ። "ጂያንግ" ሦስት ቀሪ ጭረት አለው፣ ሐይቅ ዘጠኝ። በቆየ መዝገብ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ጠብታዎቹ ሦስት ቢሆኑም የሚገኙት ባለ አራት ጭረት ራዲካሎች ዘንድ ነው፤ የሚቆጠረው ሙሉው የውሃ ፊደል ስለሆነ። በስልክ ከሆነ ንባቡን ካወቃችሁ መጻፍ ነው፤ ካላወቃችሁ በጣት መሣል ይበቃል። እዚያ ላይ የጭረት ቅደም ተከተላችሁ ትክክል ከሆነ ስልኩ ቶሎ ያገኘዋል።

ሁለት ጠብታ ብቻ ያለውስ? ስህተት ነው?

አይደለም፤ ሌላ ራዲካል ነው። በረዶ ነው። "ልያንግ ዲየን ሽዌይ" ይባላል፤ ከ214ቱ 15ኛው። ቀዝቃዛ፣ መርጋት፣ በረዶ የሚሉት በሱ ይጻፋሉ። አንድ ጠብታ ማጉደል ፊደሉን ሊያሳስት ስለሚችል ተጠንቀቁ።

አሁን ከባዱ። መወሰን፣ መቀነስ፣ ንጹሕ የሚሉት በዋናው ቻይና ሁለት ጠብታ አላቸው። ከበረዶ ጋር ግን የሚያገናኛቸው የለም። ድሮ በሦስት ጠብታ ነበር የሚጻፉት። ሰዎች በእጃቸው ሲጽፉ አንዷን የመቀነስ ልማድ ከጥንት ነበራቸው፤ በ1950ዎቹ መንግሥት ፊደሉን ሲያስተካክል ይህንን አጭሩን መልክ ሕጋዊ አደረገው። በዚህ የተነሳ "መታጠብ" ሦስት ጠብታ፣ "ንጹሕ" ሁለት ጠብታ ሆነው ቀሩ። ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እነዚህን በሕግ ለማስታወስ አትድከሙ፤ አንድ በአንድ ያዟቸው። በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በጃፓን ጽሑፍ ላይ ግን እነዚህ ሦስቱ ቃላት ዛሬም ከነሦስት ጠብታቸው ነው የምታገኟቸው።